የአሳንሰር ባለሙያ ደረጃ አይወጣም

የአንድ ሙያ ክብር የሚለካው በተሠራው ሥራ ሳይሆን፣ ሥራው ስላለመሠራቱ በተደረገው ስብሰባ ብዛት ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ የአሳንሰር ባለሙያዎች ማኅበርን የአካባቢ ቅርንጫፍ ይመልከትና ይፈር። ቅርንጫፉ በተቋቋመ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድም አሳንሰር ከቆመበት ሳያንቀሳቅስ አራት የቃለ ጉባኤ መዝገብ ሞልቶ አምስተኛውን ጀምሯል። ከዚህ የበለጠ ዕድገት ከየት ይመጣል? ሞተር የሚነካ ያልበሰለ መካኒክ ነው። የበሰለው አጀንዳ ይነካል።

ፒንሳ ገና አልበሰለችም ነበር።

ፒንሳ ቅጽል ስሟ ነው። አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ነው። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሃያውን ዓመት ያሳለፈችው በአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ግራሶ ተለቅልቃ፣ ካቻቢቴ በጥርሷ ነክሳ ነው። በዚያ ሰሞን የያዘችው ጉዳይ ግን የሰው ሕንጻ አልነበረም፤ የገዛ እናቷ ጉዳይ ነበር።

እናቷ የሚኖሩት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንጻው አሳንሰር ከቆመ ሰባት ወር ሆኖታል። የአሮጊቷ ጉልበት ደግሞ ከአሳንሰሩ ቀደም ብሎ ቆሟል። ጎረቤቶች አዝነው "ወንበር ላይ አስቀምጠን እናውርድዎት" ቢሏቸው፣

"በቁሜ በሰው ትከሻ አልወርድም!" አሉ። "የዚያ ቀን ሲደርስ ሳትጠይቁኝ ታወርዱኛላችሁ።"

ለመውረድ ምክንያት ባይኖራቸው ኖሮ ነገሩ ባልከፋ። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ፣ ምድር ቤት፣ ታላቅ እህታቸው ይኖራሉ። እሳቸው ደግሞ ዳሌያቸውን ተሰብረው ስለነበር ደረጃ የሚባል ነገር አይሞክሩም። ስለዚህ ሁለቱ እህትማማቾች በየማለዳው አንዷ ከበረንዳ አንዷ ከደጃፍ ሆነው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ በስልክ ይጨቃጨቁ ነበር።

"ያ የለበስሽው ሹራብ የኔ ነው!" ይላሉ ታላቅየው ከደጃፍ።

"ሰጥተሽኝ ነዋ!"

"አውሼሽ ነው እንጂ! ከዚህ ሆኜ ክሩ ሲሳሳ ይታየኛል።"

በሰባተኛው ወር የታላቅ እህታቸው ልጅ ከሌላ ከተማ መጣና እናቱን ወደ ራሱ ቤት ሊወስድ እንደሆነ ተናገረ። የምድር ቤቱ ኪራይ ቀረ፤ ጉዞው ለወሩ መጨረሻ እሑድ ተቆረጠ። የዚያን ቀን የፒንሳ እናት ስልኩን ዘግተው በረንዳው ላይ ቀሩ።

"ሰባት ወር ሙሉ በዓይኔ ሳቅፋት ከረምኩ" አሉ ለልጃቸው። "በእጄ ሳላቅፋት ከሄደች፣ እኛ በዚህ ዕድሜያችን፣ ከእንግዲህ መቼ?"

ፒንሳ የአሳንሰሩን በሽታ ከመጀመሪያው ቀን ታውቀው ነበር። ከታች ቁልፉን ስትጫን ከላይ የምትሰማው ጠቅታ ነግሯታል፦ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት መገናኛ ተቃጥላለች። የአርባ ደቂቃ ሥራ። ችግሩ የሞተር ክፍሉ ቁልፍ ያለው በሕንጻው ተቆጣጣሪ ኪስ ውስጥ መሆኑ ነው። ገና በሁለተኛው ወር ጠይቃው ነበር።

"ከሠላሳ ቀን በላይ የቆመ አሳንሰር ያለ ቅርንጫፉ ወረቀት አይነካም" አላት።

"ወረቀቱ ይጠግነዋል?"

"እኔ የምጠብቀው ወረቀቱን ነው፤ አሳንሰሩን አይደለም።"

እንዲህ ያለ ግልጽ ሰው ዛሬ ዛሬ አይገኝም። ፒንሳም ወደ ቅርንጫፉ ሄደች።

ቅርንጫፉ ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው ምድር ቤት ነው። ይህም በአጋጣሚ አይደለም። የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ሰባት "አባል በአደባባይ ደረጃ አይወጣም፤ አይወርድም፤ ይህን ማድረግ በሙያው ላይ እምነት ማጣት ነውና" ይላል። መሥራቹ በምሥረታው ቀን ባሰሙት ንግግር "ሐኪም ጠንቋይ ቤት ሲገባ ቢታይ በሽተኛው ምን ይላል? የአሳንሰር ባለሙያስ ደረጃ ሲወጣ ቢታይ?" ብለው ጠይቀው አዳራሹ እስኪናጋ ተጨብጭቦላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ተጥሶ አያውቅም። የአሁኑ ሰብሳቢ የገዛ ልጃቸው ሠርግ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደገስ፣ ሙሽሮቹን ከታች ከመንገድ ላይ ሆነው በስልክ መርቀዋል። መሥዋዕትነት ይሏል ይሄ ነው።

ፒንሳ ስትገባ አራት ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊው፣ እና ሁለት ነባር አባላት። ከሁለቱ አንዱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ "እደግፋለሁ" ከሚለው ቃል በቀር ተናግሮ ስለማያውቅ እደግፋለሁ ይባላል። ሌላኛው እሱን ተከትሎ "እኔም" ስለሚል እኔም ነው ስሙ። ግድግዳው ላይ "በቅርንጫፍዎ ይሳተፉ! ተሳትፎ ከፍ ያደርጋል!" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ከፍ ብሎ መለጠፍ መሰላል ስለሚጠይቅ የተለጠፈው በጉልበት ትክክል ነው።

"እናቴ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ታግታ..." ብላ ጀመረች።

"አባል ነሽ?" አሉ ሰብሳቢው።

"ፈቃድ ያለኝ መካኒክ ነኝ።"

"ሙያ አለሽ ወይ አላልንም። አባል ነሽ ወይ ነው ያልነው።"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው አልሰማንሽም" አለ ጸሐፊው፣ ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል እየጻፈ።

አባል ሆነች። አባልነቷ የጸደቀ ዕለት አራቱም ተነሥተው ጨበጧት፤ እደግፋለሁማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምክንያቱ ፒንሳን መውደድ አልነበረም። በደንቡ ምልዓተ ጉባኤ አምስት ነው። ማኅበርተኛው ሁሉ ከሸሸ ወዲህ የቀሩት አራት ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተሰበሰቡ፣ ምልዓተ ጉባኤ እንዳልሞላ በአራት ድምፅ ወስነው ሲበተኑ ኖረዋል። አዲስ አባል መቀበል እንኳ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚጠይቅ እሷን የተቀበሏት እሷኑ ቆጥረው ነው።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!" አሉ ሰብሳቢው በደስታ።

"አንበሳውን ተዉት፤ የእናቴን አሳንሰር ፍቱልኝ" አለች ፒንሳ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ። አባል ጉዳዩን የሚያቀርበው በተሳትፎ ነው። ተሳተፊ!"

ተሳተፈች። መጀመሪያ የመስተንግዶ ንዑስ ኮሚቴ አደረጓት፤ ሰብሳቢም አባልም ሻይ አፍይም እሷው ናት። ከዚያ ደንቡን እንደገና በኮምፒውተር እንድትጽፍ ሰጧት። ቀጥሎ የወጣቶች ማነቃቂያ ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾሟት።

"እኔ እኮ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው።"

"ከኛ ጋር ስትተያዪስ?" አለ ጸሐፊው።

"እደግፋለሁ።"

"እኔም።"

ለእናቷ የምትገዛውን ይዛ ዘጠኝ ፎቅ ስትወጣ ደግሞ፣ አባል ናትና፣ ሻርፕ ተከናንባ እንደ ሌባ ግድግዳ ግድግዳውን መሄድ ጀመረች። በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድም ቀን በሙያዋ አፍራ አታውቅም ነበር። ለሙያው ክብር ሲባል ማፈርን የተማረችው ቅርንጫፉ ውስጥ ነው።

የእናቷ ጉዳይ በየስብሰባው አጀንዳ ላይ ይያዝ ነበር፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የሚያዘው ግን "ልዩ ልዩ" በሚለው መጨረሻ ተራ ነው። "ልዩ ልዩ" ደግሞ ሻይ ሲመጣ ይዘጋል። ሻዩን የምታመጣው ራሷ ፒንሳ ናት። በገዛ እጇ አፍልታ፣ በገዛ እጇ ቀድታ፣ የእናቷን ጉዳይ አራት ወር ሙሉ በብስኩት ስትዘጋ ከረመች።

አክስቷ የሚሄዱበት ቀን በታወቀ ሳምንት ግን ሻዩን አላፈላችም።

ጉባኤው ግራ ገባው። ሰብሳቢው በሩን አዩ፤ ጸሐፊው ሰዓቱን አየ። ሻይ ካልመጣ ስብሰባው የሚያልቅበት መንገድ በደንቡ አልተጻፈም። እንዲህ ሲሉ "ልዩ ልዩ" ላይ ደረሱ።

"የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው" አለች። "የምጠይቀው አንድ ወረቀት ነው። አክስቴ እሑድ ትሄዳለች።"

ጸሐፊው ደንቡን ገለጠ። "አንቀጽ አሥራ አራት። የጥገና ፈቃድ የሚሰጠው ገምጋሚ ቡድኑ በአሳንሰሩ ከታች እስከ ላይ ተሳፍሮ ጉድለቱን በአካል ሲያረጋግጥ ነው።"

"ጉድለቱ አለመሄዱ ነው።"

"እሱን ነው ተሳፍረን የምናረጋግጠው።"

"የማይሄድ አሳንሰር ላይ እንዴት ትሳፈራላችሁ?"

"ለዚህ እኮ ነው ፈቃድ የሚያስፈልግሽ" አሉ ሰብሳቢው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው በርኅራኄ።

"በደረጃ ውጡና ከላይ እዩት!"

እኔም እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሰብሳቢው ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይህን ቃል እንዳልሰማን እንቁጠረው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉ ይሂድ፤ የእናቴ እግር ነው ያልሄደው!"

የተማረ ሰው ልብ ግን ድንጋይ አይደለም። ጉባኤው የአሮጊቷ ነገር አንጀቱን ስለበላው፣ በሙሉ ድምፅ ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ለእናትየው የማጽናኛ ደብዳቤ እንዲጻፍ። ሁለተኛ፣ ለፒንሳ የተሳትፎ ምስክር ወረቀት እንዲሰጣት። ደብዳቤውን ተሸክማ ዘጠኝ ፎቅ የወጣችው ራሷ ናት። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፦

"ክብርት ሆይ፤ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው። እስከዚያው ባሉበት እንዲቆዩ በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን።"

ደግመው አነበቡት። ከዚያ አጥፈው ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

"ባሉበት እንዲቆዩ..." አሉ። "እኔ ደግሞ ልበርር ክንፍ እያወጣሁ ነበር።"

ቀልደው ነው፤ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በሹራቡ እጅጌ ጠረጉ። ፒንሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናትዋ ሲያለቅሱ ማየት የማትችል ሰው ናት፤ ግድግዳው ደግሞ እንባ የደበቀበትን አይናገርም።

በማግስቱ ሐሙስ፣ ምስክር ወረቀቷን ይዛ ተቆጣጣሪው ፊት ቆመች። ወረቀቱ "ሻይ በማስተናገድ ላሳየችው የላቀ ትጋት" ይላል። ከግርጌው ግን የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ክብ ማኅተም አርፎበታል። ተቆጣጣሪው ማኅተም እንጂ ጽሑፍ አንብቦ አያውቅም። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ አየ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

"ይኸውልሽ። ከመጀመሪያው እንዲህ ብታመጪ ኖሮ!"

ሠላሳ ስድስት ደቂቃ ፈጀባት። አርባ ብላ ነበር፤ ለዚህ ስህተቷ ይቅርታ ይደረግላት።

እናቷ አሳንሰሩ ውስጥ ሲገቡ የልጃቸውን ክንድ ጨምቀው ያዙ። በሩ ምድር ቤት ሲከፈት ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ በምርኩዛቸው መንገዱን ተሻገሩ። መኪናዎች ጡሩንባ ነፉ፤ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ወዘወዙባቸው። ታላቅየው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋቸው ሊነሡ ሞከሩ፤ አቃታቸው። ታናሽየው ጎንበስ አሉላቸው።

"ሹራቤን ለብሰሽ መጣሽ?" አሉ ታላቅየው፣ ሲተቃቀፉ።

"ልመልስልሽ ነው የወረድኩት" አሉ ታናሽየው። ሹራቡን ግን አላወለቁም፤ ለማውለቅ መለያየት ነበረባቸዋ።

እንዲህ ያለ ወንጀል ተደብቆ አይቀርም። የቆመ አሳንሰር ለሰባት ወር ያልተሰማው ቅርንጫፍ፣ የሚሄድ አሳንሰር ሲሆን በአንድ ቀን ሰማ። አርብ ከሰዓት አራቱም በሕንጻው ደጃፍ ተሰለፉ። ጸሐፊው መዝገቡን፣ ማሸጊያ ወረቀቱንና ማኅተሙን በደረቱ አቅፏል። እናትና አክስት፣ እስከ እሑድ አብረው ሊያድሩ ወስነው፣ ከመንገዱ ማዶ ወንበር አውጥተው ዕቃ ሲያስሩ ነበር። ፒንሳ ገምጋሚዎቹን ተቀብላ አብራ ተሳፈረች።

አሳንሰሩ እንደ ሐር ሄደ። ሰብሳቢው ዘጠነኛ ፎቅ ሲደርሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"እንከን የለውም" አሉ በኀዘን። "ይህ ነው የሚያሳስበው። ያለ ፈቃድ እንዲህ ከሄደ፣ ነገ ሰው ፈቃድ ለምን ይጠይቃል?"

ጉባኤው እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ ማለትም ቆመ። ፒንሳም አምስተኛ ሆና ተቆጠረች። የውሳኔ ሐሳቡ ሁለት ነበር፤ አሳንሰሩ እንዲታሸግ፣ ጥፋተኛዋም ከአባልነት እንድትሰረዝ።

"እደግፋለሁ።"

"እኔም።"

ፒንሳ አንድ ጊዜ አሰበች። ያንን ደንብ በሁለት ጣቷ የጻፈችው እሷ ናት፤ እያንዳንዱን አንቀጽ ከነነጥቡ ታውቀዋለች። እጇን አነሣች።

"እኔም እደግፋለሁ።"

ሰብሳቢው ልባቸው ተነካ። "ይህ ነው የሠለጠነ አባል!" አሉ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጥፋተኛው ራሱ የደገፈው ሙሉ ድምፅ አይተው አያውቁም።

"የቀድሞ አባል" አለች ፒንሳ። "እንግዲህ ደረጃ መውረድ ተፈቅዶልኛል።" ከዚያም አባል ከሆነች ወዲህ ሰምታው የማታውቀውን የገዛ ጫማዋን ኮቴ ደረጃው ላይ ቷ ቷ እያደረገች፣ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ በአደባባይ ወረደች።

ከላይ ጸሐፊው ኮሪደሩ ላይ ያለውን የአሳንሰሩን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋ፤ ማሸጊያውን ለጠፈ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታ። ጉባኤው ለራሱ አጨበጨበ። ቀጥሎም ሰብሳቢው በክብር ወደ አሳንሰሩ ተመልሰው ቁልፉን ተጫኑ።

ደግመው ተጫኑ።

ፒንሳ መንገዱን ተሻግራ ከእናቷ አጠገብ ሳትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። ጸሐፊው ነበር።

"እህታችን፣ አሳንሰሩ አልወረደም።"

"አሽጋችሁታላ።"

"እሱማ አሽገነዋል። አሁን ልንፈታው ፈልገን ነበር። ማሸጊያ የሚፈታው ደግሞ..."

"በምልዓተ ጉባኤ ነው። ስንት ናችሁ?"

ስልኩ ውስጥ ሰው ሲቆጠር ተሰማ። ሁለት ጊዜ ተቆጠረ።

"አራት።"

"እኔን መልሳችሁ አባል አድርጉኛ።"

"መቀበልም ምልዓተ ጉባኤ ይፈልጋል። ባለፈው ራስሽን ቆጥረን ነበር። የተሰረዘ ሰው ግን አይቆጠርም፤ ይሄ አንቀጽ..."

"ዘጠኝ። ጽፌዋለሁ። እንግዲያው ደረጃው ያውላችሁ፤ ሰፊ ነው።"

"ቀን በቀን? ሕዝብ እያየ?" አለ ጸሐፊው።

በዚህ መሐል ዘጠነኛው ፎቅ ላይ የኮሪደሩ መስኮት ተከፈተ። ሰብሳቢው ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ነጭ መሐረብ ማወዛወዝ ያዙ። ሁለቱ እህትማማቾች ቀና አሉ።

"ማነው ያ?" አሉ አክስቲቱ።

"ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰውዬ ይመስለኛል" አሉ እናትየው። "ልጄ፣ ስልኩን አቀብዪኝማ።"

ከላይ ስልኩን ሰብሳቢው ተቀብለው ነበር። "እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎን ይምከሩልን። እኛም ሰው ነን፤ ዕድሜያችን ገፍቷል፤ ጉልበታችንም..."

"ወይኔ ልጄ፣ ጉልበት!" አሉ አሮጊቷ። "እሱን ለኔ ተወው፤ አውቀዋለሁ።"

እጃቸውን ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከተው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቃላቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፦

"ክቡር ሆይ፤ ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው። እስከዚያው ባሉበት እንዲቆዩ በታላቅ አክብሮት እናሳስባለን።"

ስልኩን ዘግተው ለልጃቸው መለሱላት። ከላይ መሐረቡ ይበልጥ በረታ። ሁለቱ አሮጊቶችም፣ ጨዋ ሰዎች ናቸውና ሰላምታ ሳይመልሱ አልቀሩም፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ ሻርፓቸውን አውልቀው መልሰው አወዛወዙላቸው።